ድምፁ የተሰበረው ማን ነበር?

«ሰው ሲዋሽ ድምፁ ያስታውቅበታል» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ዝም ብዬ አዳምጣለሁ እንጂ አልከራከርም። ውሸት ነው ማለት አልችልም፤ እውነት ነው ብዬ ለመመስከርም ያዳግተኛል። ነገሩን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ የተማርኩት በገዛ ጉሮሮዬ ነው። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ዘመኑ በንጉሡ ጊዜ፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። እኔ ገና ትዳር ያልያዝኩ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ከእናቴ ጋር የምኖር ወጣት ነበርኩ። ሥራዬ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የተከሳሽና የምስክር ቃል መጻፍና ማስተርጎም ነው። እናቴ የሱሉልታ ሰው ስለሆነች ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛና አማርኛ እኩል ይነገር ነበር፤ በአንዱ ትቆጣናለች፣ በሌላው ታባብለናለች። ደመወዜን ያገኘሁትም በዚሁ ነው። ከእንጦጦ ጀርባና ከየካ ዳርቻ የሚመጣው ባለጉዳይ አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። መርማሪዎቹ ደግሞ አማርኛ ብቻ ያውቃሉ። መሀል ላይ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ።

አባታችን የሞተው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ መርሻ ነው፤ ጋሼ ነበር የምለው። እሱ በልጅነቱ ሱሉልታ በአያታችን መሬት ላይ በሬ ጠምዶ ያረሰ፣ ኋላ ከተማ ወርዶ ከአንድ ጣሊያን ዘንድ መካኒክነት የተማረ ሰው ነው። ሲጠነክር ወሰን አካባቢ፣ ከደሴ መንገድ ዳር፣ የራሱን ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። ወሰን ያኔ ዳር አገር ነበር፤ ከጋራዡ ጀርባ ገብስ ይዘራል። ትምህርት ቤት እጄን ይዞ ያስመዘገበኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ጫማ ያደረግሁትም እሱ ገዝቶልኝ ነው። መኪና ጠግኖ ሲጨርስ የበሬ ዳሌ እንደሚመታ ሁሉ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ በኦሮምኛ «ዴሚ ያ ቆቲዮ ኮ» ይላል፤ «ሂድ፣ በሬዬ» ማለት ነው። ሹፌሮቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም፤ ከልቡ ነው የሚሰናበተው።

በዚያን ሰሞን መቶ አለቃ ግርማ የሚባል መርማሪ ባሕር ማዶ ለትምህርት ቆይቶ ወደ ጣቢያችን ተመደበ። ሲመጣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሣጥን ይዞ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ሁለት መንኮራኩሮች አሉ፤ ቡናማ ሪባን ከአንዱ ወደ ሌላው ይጠቀለላል። የድምፅ መቅጃ ቴፕ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አፍ የፈለገውን ይናገራል፤ ጉሮሮ ግን አይታዘዝም» አለን። «ሰው ሲጨነቅ ጉሮሮው ይጠብቃል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ቃሉ መሀል ላይ ይሰበራል። ቀድተን ደጋግመን ካዳመጥነው የተሰበረበትን ቦታ እናገኘዋለን።»

ፖሊሶቹ አላመኑትም። መቶ አለቃው አንዱን ሃምሳ አለቃ ጠርቶ፣ «ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?» አለው። «ቤቴ ተኝቼ» አለ ሃምሳ አለቃው። ሪባኑን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ሲያሰማን «ቤቴ» የምትለዋ ቃል ከሌሎቹ ከፍ ብላ፣ ቀጠን ብላ ተሰማች። ሃምሳ አለቃው ራሱን እያከከ ጠጅ ቤት እንደነበረ አመነ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው በሙሉ ሣጥኑን ፈራው። እኔም ፈራሁት፤ የምፈራው ነገር ግን አልነበረኝም።

ብዙም ሳይቆይ የማርያም ዕለት አንድ አደጋ ደረሰ። የባሕር ዛፍ ግንድ የጫነ መኪና ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለው። መታጠፊያው ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ መኪናው ደፍጥጧቸው ገደል አፋፍ ላይ ግንዱን አራግፎ ቆመ። ሹፌሩ አልሸሸም። ሰዎች ሲደርሱ መንገዱ ላይ ተቀምጦ የሟቹን ነጠላ ይዞ ነበር ያገኙት። ስሙ ቱፋ ነው። ከፍቼ በኩል የመጣ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ የልጆች አባት፣ አማርኛ ከሰላምታ ያለፈ የማያውቅ ሰው።

ባለመኪናው ቀድሞ መጥቶ ቃሉን ሰጠ። መኪናው ምንም ጉድለት አልነበረበትም፣ ጋራዥ የሚያስገባው ችግር አላየበትም፣ ሹፌሩ ፈረስ እንደሚጋልብ አድርጎ ስለነዳ ነው አለ። በአማርኛ፣ ተረጋግቶ፣ ቃል ሳያስተካክል ነው የተናገረው። መቶ አለቃው ቴፑን ሁለቴ አዳምጦ፣ «ይህ ሰው የሚያምነውን ነው የሚናገረው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ቱፋ ቀረበ። መቶ አለቃው ቴፑን ከፈተ። እኔ በሁለቱ መሀል ተቀመጥኩ።

«ፍሬኑ መበላሸቱን መቼ አወቅክ?» አለ መቶ አለቃው።

ተረጎምኩ። ቱፋ መሬት መሬት እያየ መለሰ፣ እኔም ተከተልኩት፦ «ከአደጋው በፊት ባለው ቀን ፔዳሉን ስረግጠው ወለል ድረስ ገባ። ለባለመኪናው ነገርኩት። ወሰን ጋራዥ አለ፣ ወስደህ አሳየው አለኝ።»

«ባለመኪናው ጋራዥ አልገባም ብሏል። በደሴ መንገድ ዳር ያሉትን ጋራዦችም ፖሊስ ልኬ አስጠይቄአለሁ። ይህን መኪና አየሁ ያለ የለም። የመካኒኩን ስም ንገረኝ።»

«ስሙን አላውቅም። ለአገሩ እንግዳ ነኝ። ኦሮምኛ ይናገራል። ፍሬኑን ፈታው። አስቸጋሪ ነው፣ ዕቃ ያስፈልገዋል አለኝ። ከዚያ ባለመኪናው መጥቶ ሁለቱ ለብቻቸው ተነጋገሩ። ከተነጋገሩ በኋላ አንድ ነገር ገጣጠመና ውሰደው አለኝ።»

እስከዚህ ድረስ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ነበርኩ። የሰው ቃል በጆሮዬ ይገባል፣ በአፌ ይወጣል።

«ሌላስ? መካኒኩን የምታውቅበት ምልክት የለም?» አለ መቶ አለቃው።

ቱፋ ትንሽ አሰበ። ቀኝ እጁን አንሥቶ አየሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ሲጨርስ ኮፈኑን እንዲህ መታና ዴሚ ያ ቆቲዮ ኮ አለው» አለ።

መተርጎም ነበረብኝ። «ሲጨርስ ኮፈኑን መታ መታ አድርጎ፣ ሂድ፣ በሬዬ አለው» አልኩ። «በሬዬ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተንጠለጠለች። እኔ ራሴ ሰማኋት። መቶ አለቃው ቀና አላለም፤ ዓይኑ መንኮራኩሮቹ ላይ ነበር። ቱፋ ግን ዞር ብሎ አየኝ።

ቱፋ ወደ እስር ቤት ሲመለስ መቶ አለቃው እጆቹን አፋተገ። «ሰማኸው? እስከ መጨረሻው ደህና መጥቶ በሬው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። እዚያ ላይ ፈጥሮ ነው የተናገረው።»

«ሰማሁ ጌታዬ» አልኩ።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ወሰን ወረድኩ። ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። ጋሼ መርሻ ከአንድ መኪና ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል። ስጠራው ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ።

ስለ ድምፁ ልንገራችሁ። ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ ሞተር እየተነሣ ሲናገር የኖረ ስለሆነ ቤት ውስጥም ቢሆን ይጮሃል። እናታችን «ደንቆሮ ያለ ይመስል» ትለው ነበር።

«ጋሼ፣ ግንድ የጫነ መኪና ባለፈው እዚህ መጥቶ ነበር? ፍሬኑ የተበላሸ?»

«እንዲህ ያለ መኪና አላየሁም» አለኝ። አልጮኸም። አጠገቡ የታመመ ሰው የተኛ ይመስል ዝቅ አድርጎ፣ ለስለስ አድርጎ ነው ያለው። የትኛው መኪና፣ የማን መኪና ብሎም አልጠየቀኝም።

«ሹፌሩ ታስሯል። መካኒኩ ሂድ፣ በሬዬ ብሎ ሸኘው ይላል።»

ጨርቁን ማሻሸቱን አቆመ። ወደ መንገዱ አየ። ሁለት መኪና አለፈ።

«ሌላ ሰው ሰማው?»

«ቃሉን ሁሉም ሰማ። የማን ቃል እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«እንግዲያው አንተም አታውቅም» አለ አሁንም በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «ሦስት ልጅ እንዳለኝ ታውቃለህ። እኔ ምንም አላየሁም፤ አንተም ምንም አልሰማህም። በቃ።» ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ።

በእግሬ ወደ ቀበና ተመለስኩ። እናቴ በር ላይ አግኝታኝ፣ «ድምፅህ ምን ሆነ?» አለችኝ። «ብርድ መታኝ» አልኳት። ዝንጅብል አፈላችልኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ወንድሜን አስቤ ቱፋን ስተው፣ ቱፋን አስቤ ወንድሜን ስተው፣ ሁለቱም ልጅ እንዳላቸው ትዝ ይለኛል፤ የሟቹ ነጠላም ትዝ ይለኛል። ሊነጋጋ ሲል አንድ ውሳኔ ላይ ደርሼ ነበር፤ ዝም እላለሁ። የተባልኩትን ተርጉሜአለሁ፤ ሥራዬ እሱ ብቻ ነው፤ ቀሪው የዳኛው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጣቢያ ስደርስ መቶ አለቃው ቢሮው አስጠራኝ። «በሩን ዝጋና ተቀመጥ» አለኝ። ቴፑ ተከፍቶ ነበር።

«ማታ ቤቴ ወስጄ ሳዳምጠው አመሸሁ» አለ። «ትናንት ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። ኦሮምኛ ስለማልሰማ ጆሮዬ የተከፈተው ለአንተ ብቻ ነበር። ቱፋ ብዬ የሰማሁት አንተን ነው። አሁን ለየብቻ አዳምጥ።»

ቁልፉን ተጫነ። የቱፋ ድምፅ መጣ፤ የደከመ፣ የዘገመ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት። ቀጥሎ የኔ ድምፅ መጣ። የራሴን ድምፅ ከውጭ ሆኜ ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር የኔ መሆኑን ማመን አቃተኝ። «ሂድ፣ በሬዬ» ላይ ሲደርስ ልክ ክር ሲበጠስ እንደሚለው አለ።

«ሰውየው አልፈራም» አለ መቶ አለቃው። «የፈራኸው አንተ ነህ። ለምን?»

«ብርድ መቶኝ ነበር» አልኩ።

አልተቆጣም። «ይህ ሣጥን የሚያምህ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠቁመኛል እንጂ ለምን እንዳመመህ አይነግረኝም። እሱን የምትነግረኝ አንተ ነህ። ካልነገርከኝ ቱፋ ዛሬ ወደ ፍርድ ቤት ይላካል፤ እኔም ትናንት ውሸታም ነው ብዬ ጽፌበታለሁ።»

ሪባኑን ትንሽ ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንደገና ለቀቀው። ቱፋ የበሬውን ነገር ጨርሶ፣ እኔ ተርጉሜ ከጨረስኩ በኋላ፣ ቱፋ አንድ ቃል ብቻ ጨምሮ ነበር። ትናንት ጆሮዬ ተደፍኖ ስለነበር አልፌው ሄጃለሁ።

«ይህችን ቃል አልተረጎምክልኝም» አለ መቶ አለቃው። «ደጋግሜ ሰምቼአታለሁ፤ ምን እንደሆነች ግን አላውቅም። ምን ማለት ናት?»

እንደገና አሰማኝ። «ዹጋዻ።»

«እውነት ነው ማለት ነው» አልኩ።

ይህን ስል የቱፋን ቃል ነበር የምተረጉመው፤ ሆኖም የተናገረው የኔ አፍ ነው፣ የሰማውም የኔ ጆሮ ነው። ከዚያ በኋላ ውስጤ ሊያቆመው የሚችል ነገር አልነበረም።

«መካኒኩ ወንድሜ ነው» አልኩት። «መርሻ ይባላል። ያሳደገኝ እሱ ነው።»

መቶ አለቃው ቴፑን አጠፋው። ቀጥሎ ያወራነው አልተቀዳም። «ከዚህ ጉዳይ ውጣ። ዛሬ ቤትህ ግባ። እናትህ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ» አለኝ።

ጋሼ መርሻን የያዙት እኩለ ቀን ላይ ነው። ኋላ እንደሰማሁት አልተከራከረም። ጎሚኒ የሚባለው፣ የፍሬኑን ዘይት የሚያግደው ላስቲክ አልቆ ነበር፤ አዲሱ እስኪመጣ መኪናው ይቁም ብሎ ለባለመኪናው ነግሮታል። ባለመኪናው ግንዱ ይጠበቃል፣ ለጊዜው አንድ ነገር አድርግለት ብሎ ወጥሮ ያዘው። እሱም ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ገጠመለት፤ አንድ ሁለት ቀን ይይዛል ብሎ ነበር። አንድ ቀንም በቅጡ አልያዘ። ቃሉን የሰጠው በአማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ባለመኪናው ግን እስከ መጨረሻው በዚያው በተረጋጋ ድምፁ ካደ። ድምፁ አንድም ቦታ እንዳልተሰበረ መቶ አለቃው ራሱ ነግሮኛል። ሆኖም የወንድሜና የቱፋ ቃል ስለገጠመ ወንድሜም ባለመኪናውም ተፈረደባቸው። ቱፋ ተፈታ።

ቱፋ በተፈታ ዕለት ጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝ። ስለ ወንድሜ ሰምቶ ነበር። «ያን ቀን ድምፅህ ሲሰበር፣ ይህ ሰው አላመነኝም፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር» አለኝ በኦሮምኛ። «በጣም ስላመንከኝ መሆኑን በምን ላውቅ?» እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየና ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

እናቴ አልረገመችኝም፤ አልመረቀችኝምም። «ሁለታችሁንም ያጠባሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ስለ ነገሩ ሌላ ቃል ሳትናገር ዓመታት አለፉ። የወንድሜ ሚስት ግን መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞር ነበር። እሑድ እሑድ ስንቅ ይዤ ወህኒ ቤት እሄዳለሁ። ዘበኛው ስንቁን ተቀብሎ ይገባና ባዶውን ዕቃ ይዞልኝ ይመለሳል፤ «ደርሶኛል ብሏል» ይለኛል። ወንድሜ ወጥቶ አላነጋገረኝም። ልጆቹን እኔ አስተማርኩ። ይህን የምለው ልመሰገን አይደለም፤ እሱ ለእኔ ያደረገውን ነው ያደረግሁት።

መቶ አለቃ ግርማም በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ላይ ሣጥኑን መጠቀም ተወ። እኔ ማስተርጎሜን አልተውኩም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፖሊስ ጣቢያም በፍርድ ቤትም ሠርቻለሁ። ያ ቀን ግን አሠራሬን ለወጠው። ጉዳዩ ሳይጀመር በፊት ባለጉዳዩ የማን ወገን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ የሚነካኝ ነገር ካለ እወጣለሁ። ሰው ሲያቃስት እንኳ «አቃሰተ» ብዬ እናገራለሁ፤ አንዲት ቃል አላስቀርም። ወጣቶቹ አስተርጓሚዎች ይስቁብኝ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የተሰበረ ድምፅ ስትሰሙ ለመፍረድ አትቸኩሉ። በዚያ ጉዳይ ውስጥ አራት ሰው ነበርን። እውነቱን የተናገረው ቱፋ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ውሸቱን የተናገረው ባለመኪናም አልተንቀጠቀጠም። ወንድሜ ሲዋሸኝ ድምፁ እንዲያውም ለሰለሰ። የተሰበረው የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት የተናገርኩት እውነት ነበር። ድምፅ የሚናገረው አንድ ነገር የሚያም መሆኑን ነው። ማንን እንደሚያም፣ ለምን እንደሚያም ጠይቆ ማወቅ የሰሚው ፈንታ ነው።

ወንድሜ የተፈታው ከዓመታት በኋላ፣ ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ማንም አልነገረን፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናታችን በር ተንኳኳና ቆሞ አገኘነው። ከስቷል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እሷ ወደ ጓዳ ገባችና እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። እኔ ቆሜ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ቀበና ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ይሰማናል። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ እሱ ግን ቀደመኝ።

«ምሳ በልተሃል?» አለኝ።

አልጮኸም፤ ለስለስም አላደረገው። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ቂም ይዞብኝ ይሁን፣ ከድምፁ ላወጣ ሞከርኩ። ሥራዬ እሱ ነው፤ ጆሮዬን የሚያህል ጆሮ በከተማው አልነበረም። ምንም አላገኘሁበትም። ቀና ብዬ ሳየው መልስ እየጠበቀ ነው።

«አልበላሁም፣ ጋሼ» አልኩት።

አግዳሚው ላይ ጠጋ አለልኝ።